አንድ ካሴት፣ ሁለት ጆሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በወጨጫና በፉሪ ተራሮች መካከል አልፎ፣ ዓለም ገናንና ሰበታን ይዞ፣ በቱሉ ቦሎ በኩል ወሊሶ ይገባል። በ1940ዎቹ በወሊሶው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ይማር የነበረ አንድ ልጅ፣ የአገር ፍቅር ቲያትር ከያንያን መጥተው ሲጫወቱ አይቶ ልቡ ሸፈተ። ትምህርቱን ጣል አድርጎ በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ኮበለለ። ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነበር።

ጥላሁን ከአገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተሻገረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንጉሠ ነገሥቱን ለመገልበጥ ሲነሱ ክንዳቸው ያ ክብር ዘበኛ ነበር። ሙከራው ከሸፈ፤ ዘፋኙም ከታሰሩት ጋር ታሰረ። «አልቻልኩም» የተባለው ዘፈኑ የአንድ አፍቃሪ እሮሮ መሆኑ ቀርቶ የአገር ምሬት ነው ይባል ጀመር። ዘፋኙ እንዲያ ብሎ ይሁን አይሁን ሰሚው ግድ አልነበረውም። ጨለማውን ተገን አድርጎ የሚያንጎራጉረው ሰውም፣ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጠው ፖሊስም ትርጉሙ ላይ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በወገን ብቻ ነው።

በደርግ ዘመን ግጥም ከመቀረጹ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበርና ይህ ልማድ ሥር ሰደደ። ስለ ሄደች ፍቅረኛ ሲዘፈን ስለ ተሰደደ ወንድም፣ ስለ ክረምት ሲዘፈን ስለ ዘመኑ መስማት የሁሉም ሰው ችሎታ ሆነ። የ1983ቱ ለውጥ ሲመጣ ሳንሱሩ በሕግ ተነሣ። ጆሮው ግን እንደ ሠለጠነ ቀረ።

የታሪካችን ዋና ሰው፣ ቴዲ አፍሮ በሚል ስም የሚታወቀው ቴዎድሮስ ካሣሁን፣ በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ ካሣሁን ገርማሞ የዜማና የግጥም ሰው፣ እናቱ ጥላዬ አራጌ ተወዛዋዥ ነበሩ። «አቡጊዳ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበሙ በ1993 ወጣ፤ ለሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዘፈነው ዘፈን በየመንገዱ ተሰማ። በዚያው ዓመት በጥቅምት 26 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አጽም፣ ከተገደሉ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። ሥርዓቱ መንግሥታዊ ቀብር አልነበረም። ለአንዱ ዘግይቶ የደረሰ ፍትሕ ነበር፤ ለሌላው የባላባት ዘመን ናፍቆት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ በታላቅ ኮንሰርት ተከበረ። ሬጌና የኃይለ ሥላሴ ስም እንደገና አብረው ከተማዋን ሞሉ። የግንቦት 7ቱ ምርጫ እየቀረበ ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት በቴሌቪዥን ክርክር ከገዢው ኢሕአዴግ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሕዝቡ በየቡና ቤቱ ይከታተል ነበር። በዚህ ሰሞን ነው የቴዲ «ጃ ያስተሰርያል» አልበም ገበያ ላይ የዋለው።

ዘመኑ የካሴት ነው። ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ አስፋልት አዙረው ዜማውን ይለቁታል። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሠሩ ታክሲዎች አንዱ ገጽ ሲያልቅ ካሴቱን እየገለበጡ ይነዳሉ። ተሳፋሪው ደግሞ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን እንደ ፈተና ወረቀት እያነበበ ይተረጉማል። ዘፈኑ ከንጉሡ መውደቅ ይነሣል፤ ደርግን ያልፋል፤ ቁምጣ ለባሹን ታጋይ ይዞ እስከ ዘመኑ መንግሥት ይመጣል። 17 ቁጥር ሲጠራ አንዱ የደርግን የሥልጣን ዘመን ይቆጥራል፣ ሌላው የሕወሓትን የትጥቅ ትግል ዓመታት። ሁለቱም ሒሳብ ልክ ነው፤ ቁጥሩ የተመረጠውም ለዚህ ይመስላል። የሁሉም ድምዳሜ ግን አንድ ነበር፦ ዙፋን ላይ የሚወጣው ሰው ይለወጣል፣ አገዛዙ አይለወጥም።

ስለ «ጃ» የተነሣውም ክርክር ቀላል አልነበረም። ማስተሰረይ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ ጃ ንጉሡን የሚያመልኩት የራስተፈሪያውያን አምላክ ስም። የኦርቶዶክስ ልጅ ሁለቱን ማጋባቱ አንዳንዱን ምእመን አስቆጣ። ንጉሡን ማንሣቱ ደግሞ ከዘውዱ ዘመን በደል ሌላ ትዝታ የሌላቸውን አላስደሰተም። አልበሙ ውስጥ ግን ሌሎችም ነበሩ። «ካብ ዳህላክ» ከኤርትራ ጦርነት ማግስት የቀይ ባሕርን ደሴት በፍቅር ጠራ፤ «ሼመንደፈር» በባቡር ሐዲድ ላይ የሃይማኖት አጥር የሚሻገር ፍቅር አስኬደ። ድንበር የዘጋቸውን ሰዎች የሚያስታርቀው ዘፋኝ ወደ አገር ውስጥ ፖለቲካ ሲመጣ ለምን ዝም ይላል? አድማጩ ይህን ጠይቆ መልሱን ራሱ ሰጠ።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ቢትልስ በ1969 እ.ኤ.አ. «አቢ ሮድ» የተሰኘ አልበም ሲያወጡ፣ ሽፋኑ ላይ ፖል ማካርትኒ በባዶ እግሩ መንገድ ሲሻገር የታየውን ወጣቶች መርምረው «ሞቷል፣ ምስጢሩን ነግረውናል» አሉ። ሰውዬው በሕይወት እንዳለ ተናግሮም የማያምኑት አልጠፉም። ልዩነቱ እዚያ ምስጢር ማደን ጨዋታ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከምርጫው በኋላ በሰኔና በጥቅምት ጥይት ተተኮሰ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት በኋላ እንደገለጹት 193 ሲቪሎች ተገደሉ። የተቃዋሚ መሪዎች ቃሊቲ እስር ቤት ገቡ። ምርጫው በተነጠቀባቸው ሰዎች ዘንድ ካሴቱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ምትክ ሆነ።

የመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን የአልበሙን አንዳንድ ዘፈኖች ከማሰማት ተቆጠቡ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ ተባለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ «ዘፈኑ ስለ ይቅርታ ነው፣ መንግሥትን አይመለከትም» የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ከዝምታው በኋላ አፉን ያዘ። መንግሥት ባይቆጣ ኖሮ ግምት ሆኖ የሚቀረውን ትርጉም ራሱ አጸደቀው።

ሚያዝያ 8 ቀን 2000 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ ታሰረ። ክሱ በ1999 አንድ ጎዳና ላይ የሚኖር ወጣት በመኪና ገጭቶ ገድሎ አምልጧል የሚል ነበር፤ እሱ አላደረግሁም አለ። ኅዳር 26 ቀን 2001 የ6 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ብሎ ነሐሴ 7 ቀን 2001 ወጣ። ደጋፊዎቹ ችሎቱ ደጃፍ ተሰብስበው ዘፈኖቹን ያዜሙ ነበር፤ ለእነሱ የተከሰሰው አልበሙ ነው። በሌላ በኩል የሞተ ልጅ አለ፣ ዝናም ከሕግ በላይ አያደርግም የሚሉ ነበሩ። ከዚያ በፊት አድማጩ የተከፈለው ከመንግሥት ጋር በመሆንና ባለመሆን ነበር። በዚህ ችሎት ላይ ግን መንግሥትን የሚጠላ ሰው እንኳ «ይሁንና» ማለት ጀመረ።

ትልቁ መሰንጠቅ የመጣው ግን በፋሲካ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ «ጥቁር ሰው» ወጣ። መጠሪያ ዘፈኑ ዓድዋንና ዳግማዊ ምኒልክን በስም ይጠራል፤ በክሊፑም ዘመቻው በትወና ተቀርጿል። አርበኛው ባልቻ ሲነሣ አፋን ኦሮሞ ይገባል፤ ዘፋኙ ድሉን የሁሉም ለማድረግ የሞከረበት ስንኝ ይኸው ነው። እዚህ አልበም ላይ የተሸሸገ ነገር የለም። ሰሙ ተነሥቶ ወርቁ ብቻ ቀርቷል።

የተገለጠው ግን ከተሸሸገው ይልቅ አጣላ። «ጃ ያስተሰርያል» ንጉሡን ቢያነሣም መንግሥትን የሚነቅፍ ስለነበር፣ ከዘውዱ ጋር ቂም ያለው ሰው እንኳ በየራሱ ትርጉም ሊያዳምጠው ይችል ነበር። ምኒልክ ግን በስም ሲጠሩ ሁሉም የቤቱን ታሪክ ይዞ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ከጣልያን ጋር የተዋጋው ሠራዊት ሸዋ፣ ጎጃም፣ ትግራይ፣ ወሎ፣ የኦሮሞም ፈረሰኛ ያለበት ነበር፤ ይህ አንድ ታሪክ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ አርሲ ላይ የተካሄደውና አዙሌንና አኖሌን ያስጠራው ጦርነት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ታሪክ ናቸው፤ በአንድ ዘፈን ግን አልገቡም። አንዱ አድማጭ አፍሪካን ያኮራውን ሰው ሲሰማ ሌላው አያቱን ያስገበረውን ሰው ሰማ።

ጥሉ አደባባይ የወጣው ምኒልክ ባረፉ በ100ኛ ዓመታቸው፣ በታኅሣሥ 2006 ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ መጽሔት ዘፋኙ የምኒልክን የደቡብ ዘመቻ ቅዱስ ጦርነት ነው ብሏል የሚል ነገር ይዞ ወጣ ተባለ። ቴዲ አላልኩም ሲል አስተባበለ። ማስተባበያው ከወሬው እኩል አልሮጠም። ሄኒከን የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሐረርና በደሌ ቢራ ፋብሪካዎችን በ2003 ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበርና፣ በደሌ ቢራ «ወደ ፍቅር ጉዞ» የተሰኘውን የቴዲን የኮንሰርት ዙር ስፖንሰር ሊያደርግ ተዘጋጅቷል። በውጭ አገርና በአገር ውስጥ ያሉ ኦሮሞዎች በኢንተርኔት «በደሌ አንጠጣም» አሉ። ኢሉባቦር ውስጥ ተጠምቆ በመላ ኦሮሚያ ይሸጥ የነበረ ቢራ ይህን ሊንቅ አይችልም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ስፖንሰርነቱ ተሰረዘ፣ ጉዞውም ቀረ።

በዚህ ጊዜ ያገደው መንግሥት አልነበረም፤ ገበያ ነው። ቢሆንም ውጤቱ ያው ሆነ። የቴዲ ወዳጆች ነገሩን እንደ ሌላ እገዳ ቆጠሩት፤ ተቃዋሚዎቹ አቅማቸውን ያዩበት ድል አደረጉት። መጽሔቱ በእርግጥ ምን ጻፈ፣ ዘፋኙ ምን አለ የሚለውን የሚጠይቅ ጠፋ።

መጋቢት 28 ቀን 2006 በአርሲ ሂጦሳ የዚያ ጦርነት መታሰቢያ የሆነው የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ። ሚያዝያ ላይ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን አምቦን ጨምሮ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተነሡ፤ ደም ፈሰሰ። ልዩ ዞኑ ያቅፍ የነበረው ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ገላንን፣ ዱከምን፣ ሆለታን፣ ሰንዳፋንና ለገጣፎን ነው። ፉሪ ላይ ገብስና ጤፍ የሚያበቅል ገበሬ፣ የጎረቤቱ መሬት በካሬ ሲለካ ያየ ሰው፣ ማስተር ፕላኑን ለመረዳት ካርታ አላስፈለገውም።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. «ማላን ጅራ» ተለቀቀ። ዘፋኙ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ነው፤ በ17 ዓመቱ ታስሮ 5 ዓመት ወህኒ ቤት የቆየ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ግጥሞች እዚያው እንደሠራ የተናገረ። አዲሱ ዘፈን ለባዕድ ጆሮ የተለያዩ ፍቅረኞች ዘፈን ነው፤ ዜማው ያስለቅሳል። ለሚያውቅ ሰው ግን ጉለሌ፣ ቱፋ፣ አቢቹ፣ ገላን፣ ፊንፊኔ እያለ ሲጠራ የሚጠራው የቱለማ ኦሮሞን ቤተ ዘመዶችና ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት የሰፈሩበትን ቦታ ነው። ፍቅረኛዋ መሬቲቱ ናት። ሃጫሉ የጥላሁንን ዘመን ብልሃት አነሣ፦ ፍቅርን ከላይ፣ አገርን ከታች።

እዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባ ዳር ከተሞች ጆሮ ለሁለት መከፈሉ የታየው። ከፉሪ ኮንዶሚኒየም ወጥቶ መሀል ከተማ የሚሠራው ሰው ሁለቱንም ዘፈን በአንድ ፍላሽ ጭኖ ሊሄድ ይችላል፤ ፍላሽ የሚጭኑት ሱቆች ብሔር አይጠይቁም። «ማላን ጅራ» ሲመጣ ግን አፋን ኦሮሞ የማይሰማው ዜማውን ብቻ ያዝናል፤ «ጥቁር ሰው» ሲመጣ ደግሞ ጎረቤቱ ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ወርቅ አያነብም፤ ሰሙ ብቻ ይደርሰዋል።

ኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ የተጀመረው ተቃውሞ መላ ኦሮሚያን አዳረሰ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ተቃውሞው ግን አልቀረም። መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ሰዎች በግርግር አለቁ። መስከረም 25 መንግሥት ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰውን፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኤሌክትሪክ ባቡር በፉሪ ለቡ ጣቢያ መረቀ። በዚያው ሳምንት ሰበታ ላይ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። «ሼመንደፈር» የተዘፈነለት ሐዲድ ጊዜው አልፎ አዲሱ በደረሰበት ሳምንት፣ ሰው መንገድ ዘግቶ ነበር።

አዋጁ ሳይነሣ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2009፣ «ኢትዮጵያ» አልበም ወጣ። በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ፤ አማርኛ ብዙም ወደማይደርስበት መድረክ ወጣ። በውስጡ «ማር እስከ ጧፍ» የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ይዞ ተመለሰ፤ ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተዘፈነውም ጎንደር ላይ በመንግሥት ላይ ከተነሣው ተቃውሞ አንድ ዓመት ሳይሞላ የተሰማ በመሆኑ የየሰሚው ጆሮ ወደ ጎንደር ሄደ። የአልበሙ ስም ራሱ ለአንዱ ስብሰባ፣ ለሌላው መጠቅለል ሆኖ ተሰማ። ከመንግሥት ጣቢያ ጋር የተቀረጸው ቃለ ምልልስ ሳይተላለፍ ቀረ። ነሐሴ 28 በሂልተን ሊደረግ የነበረውን የምረቃ ግብዣ ፖሊስ ፈቃድ የለም ብሎ አስቆመው። እንደ 1997ቱ ሁሉ ክልከላው የአልበሙን ትርጉም ወሰነ፤ ለመነጋገር ፈልጎ የነበረም ሰው ለመከላከል ተሰለፈ።

2010 ላይ ነፋሱ ዞረ። ጥምቀት እንዳለፈ ቴዲ በባሕር ዳር ስታዲየም ለብዙ ሺህ ሕዝብ ዘፈነ። በዚያው ዓመት ሃጫሉ ሚሊኒየም አዳራሽ ከባለ ሥልጣናት ፊት ቆሞ ተቃውሞውን በግልጽ አሰማ። በየካቲት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለቀቁ፤ መጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለቱ ዘፋኞች ያመጡት ለውጥ ነው ማለት ይበዛል። ነገር ግን አንድን መንግሥት በሁለት አቅጣጫ የሚገፋ ሁለት ሕዝብ መኖሩን ከሁሉ ቀድመው ያሳዩት እነሱ ናቸው።

መንግሥቱ ሲለወጥ የሚገፉት አብረው አልቆሙም። በመስከረም 2011 አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ባንዲራ ቀለም ጸብ ተነሣ፤ ቀጥሎ ቡራዩ ላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቀሉ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ተገደለ። ቦታው ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ፣ በዘፈኑ ከጠራቸው ስሞች አንዱን የያዘ ሰፈር ነው። በተከተለው ሁከት በኦሮሚያና በአዲስ አበባ ብዙ ሰው አለቀ። በሐረር የንጉሡ አባት የራስ መኰንን ሐውልት ወደቀ፤ በለንደን ዊምብልደን የኃይለ ሥላሴ ሐውልት ተሰባበረ። ከ15 ዓመት በፊት በአንድ ካሴት ለይቅርታ የተጠሩት ንጉሥ፣ በዚያ ሰሞን ይቅርታ ከማይጠየቅላቸው መሐል ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተመሠረተች፤ 12 ክፍለ ከተሞች ይዛ። ፉሪ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ገላን ጉዳ፣ መና አቢቹ የሚለው ስማቸው በቢሮ ደጃፍ ተጽፏል። እንደ ገላንና አቢቹ ያሉ፣ በ2007 በዘፈን ውስጥ ምስጢር የነበሩ ስሞች ዛሬ በማኅተም ላይ ይገኛሉ። ምስጢሩ ወጣ፤ ጭቅጭቁ አልወጣም።

ከጥላሁን እስከ ሃጫሉ ያለው መንገድ የሚያሳየን ይህን ነው። ሰምና ወርቅ ጥበብ ሆኖ የሠራው አድማጩ ሁሉ ወርቁ የተቀበረበትን አፈር በሚያውቅበት ጊዜ ነው፤ ያኔ የሚሸሸገው ከባለ ሥልጣን ነበር፣ ባለ ሥልጣኑም ራሱ ይገባው ነበር። ከ2004 ወዲህ ግን አንዱ ጎረቤት የሌላውን ታሪክ በትምህርት ቤትም በቤቱም አልሰማም፤ ስለዚህ የአንዱ ኩራት ለሌላው ድፍረት ሆነ። ያንን ክፍተት አንድ ዘፋኝ አይሞላውም። ራዲዮ ያፈነው፣ ስፖንሰር የሸሸው፣ ፖሊስ የበተነው ዘፈን ግን ክፍተቱን ያሰፋል፤ ሰው የተከለከለውን ሳይሆን የከለከለውን መተርጎም ይጀምራልና። አልበም ሲያጣላ የሚሻለው አጣልቶ መደመጡ ነው፤ ያልተደመጠ ዘፈን የሚከራከርበት ሰው ብቻ እንጂ የሚያርመው ሰው አያገኝም።